በር ላይ የቆመው ጭስ

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ነው። ደብረ ማርቆስ ከሚገኙት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የአንዱ የብረት በር ገና ግማሹ ነው የተከፈተው። ኮብልስቶኑ ላይ ባጃጅ ከባጃጅ ተፋጥጧል። አንዱ ልጆች ያራግፋል፣ አንዱ ለመዞር ጥሩምባ ይነፋል፣ ሌላው ሞተሩን ሳያጠፋ የወሩን ሒሳብ ካላስገባች እናት ጋር በስልክ ይጨቃጨቃል። ለሦስት ሰው በተሠራው ወንበር ላይ ሰባት ልጆች ታጭቀዋል፤ ትንሹ ከሹፌሩ ጎን ግማሽ መቀመጫ አግኝቶ የመሪውን ብረት ሙጭጭ ብሎ ይዟል። ከኋላ ጋሪ ደረሰ። ፈረሱ ለጥሩምባው ጆሮውን እንኳ አያነሣም። በዚህ ሁሉ መካከል፣ በጎማና በተከፈተው የጎርፍ ቦይ መሐል በተረፈችው ጠርዝ፣ እግረኞቹ ልጆች ደብተራቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው አንድ በአንድ ይሾልካሉ።

በቁጥር የሚበዙት እነዚህ የሚሾልኩት ናቸው። የሰንደቅ ዓላማው ሥነ ሥርዓት ሊጀመር ደወል ሲደወል ግቢውን የሚሞላው በእግሩ የመጣው ልጅ ነው፤ መንገዱን የሞላው ግን የጥቂቶቹ ልጆች ባጃጅ ነበር።

በሌላው ዓለም ልጆችን ስለ ትምህርት ቤት መንገድና ስለ አየር ብክለት ማስተማር ሲባል መልእክቱ አጭር ነው፤ የአባትህን መኪና ተወው፣ በእግርህ ሂድ። ይህ ምክር ጎጃም ሲደርስ ግራ ይጋባል። የአባቱን መኪና የሚተወው የትኛው ልጅ ነው? ከጨሞጋ ማዶ ተነሥቶ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ወንዝ ተሻግሮ የመጣውን ልጅ «በእግርህ ብትመጣ ለአካባቢ ይበጃል» ብሎ መምከር ቀልድ ይሆናል። ትምህርቱ እዚህ አገር ያስፈልጋል፤ መጀመር ያለበት ግን ከሌላ ጥያቄ ነው። ጭሱን የሚያወጣው ማን ነው? የሚተነፍሰውስ?

እግር ከመቼ ወዲህ አነሰ?

ጎጃም ውስጥ ትምህርትና መንገድ ተለያይተው አያውቁም። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቦ፣ የውሻ መመከቻ ዱላውን ይዞ ከዋሸራ ደብረ ኤልያስ፣ ከደብረ ኤልያስ ዲማ ጊዮርጊስ ሲኳትን የኖረበት አገር ነው። አንዱ መምህር ዘንድ ያለውን ጨርሶ ወደ ሌላው መሻገር ራሱ የትምህርቱ አካል ነበር። የአገሩ ልጅ ሀዲስ ዓለማየሁም በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረዋል፤ የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን በዛብህ ከማንኩሳ አስነሥተው ዲማ ያደረሱት ይህን የተማሪ ኑሮ ኖረው ስለሚያውቁት ነው።

ታዲያ በእግር መምጣት የድህነት ምልክት የሆነው እንዴት ነው? አንዱን ፍንጭ ክፍል ውስጥ እናገኘዋለን። ብዙዎቻችን መጓጓዣን የተማርነው ጥቁር ሰሌዳው ለሁለት ተከፍሎ ነው፤ ባህላዊና ዘመናዊ። በግራ የሰው ሸክም፣ አህያ፣ በቅሎ፣ ፈረስ። በቀኝ መኪና፣ ባቡር፣ መርከብ፣ አውሮፕላን። መምህሩ አንዲት ቃል ባይጨምርም ልጁ የሚገባው ይገባዋል፤ ከግራ ወደ ቀኝ የተሻገረ ሰው አልፎለታል፣ በግራ የቀረው ቀርቷል። በእግር ትምህርት ቤት መሄድ የሚወደሰው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሲነሣ ብቻ ነው፤ እሱም የአሰላ ሰው ነው።

በዚያው ሰሌዳ ላይ ሦስተኛ ዓምድ ሠርታ «ምን ይበላል? ምን ያወጣል?» ብላ የጻፈች የአራተኛ ክፍል መምህርት አለች። አህያ ሣር ይበላል፣ ፋንድያ ያወጣል። ባጃጅ ቤንዚን ይበላል፣ ጭስ ያወጣል። ሰው እንጀራ ይበላል… እዚህ ላይ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲበርድ አንድ ልጅ እጁን አወጣ፤ «ቲቸር፣ ታዲያ ጋሪ ከባጃጅ ይበልጣል ማለት ነው?» መምህርቷ መልስ አልሰጠችም። ፋንድያው የት እንደሚሄድና ጭሱ የት እንደሚሄድ ለነገ አስባችሁ ኑ አለቻቸው። ፋንድያው ማሳ ይገባል ወይም ደርቆ ይነዳል። ጭሱ የት እንደገባ የነገረኝ ልጅ አላጋጠመኝም።

> «ቤታችን ከዚህ በእግር ሩብ ሰዓት ነው። ግን ያንን አስፋልት ማን ያሻግራታል?»

የፍርሃት ኮንትራት

ባጃጅ ውስጥ የሚታጨቁት ልጆች የከበርቴ ልጆች አይደሉም። የመምህር፣ የነርስ፣ የሱቅ ነጋዴ፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ልጆች ናቸው። ወላጆች ተሰባስበው ለአንድ ሹፌር የወር ኮንትራት ይከፍላሉ፤ እሱም ከየደጁ ይለቅማቸዋል። ከላይ የተጠቀሰውን ያለችው እናት በቢሮ የምትሠራ ናት። የምትፈራው አስፋልት ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው ዋና መንገድ ነው፤ ከተማዋን ሰንጥቆ ያልፋል፣ ከባድ መኪናውም በላዩ ይወርዳል ይወጣል። ዜብራው ደብዝዟል። አንዳንድ ጠዋት ተማሪ ትራፊኮቹ፣ በዕድሜ ከሚሻገሩት ብዙም ያልራቁ ልጆች፣ ፊሽካቸውን ይዘው መኪና ያስቆማሉ። ሥራቸው የሚደነቅ ነው፤ ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የተሰጠው ኃላፊነት ግን የአዋቂ ነው።

እናቲቱ መኪና ፈርታ ልጇን ባጃጅ ላይ ታሳፍራለች። ባጃጁ የትምህርት ቤቱን በር ያጣብባል። በእግሯ ልጇን ታደርስ የነበረች ጎረቤቷ በበሩ ላይ ያለውን ግፊያ አይታ «የእኔስ ልጅ ምን አጠፋ?» ብላ በሚቀጥለው ወር ኮንትራት ትገባለች። በሩ ላይ አንድ ባጃጅ ይጨመራል። እንዲህ እያለ ወላጁ ሁሉ ለልጁ ብሎ፣ የልጁን መንገድ ያባብሳል። ማንንም መውቀስ አይቻልም፤ እያንዳንዳቸው ትክክል ናቸው።

ሹፌሩም የራሱ መከራ አለው። ሞተሩን ለምን እንደማያጠፋ ስጠይቀው ያረጀች ባጃጁን በእግሩ መታ መታ አድርጎ፣ «ካጠፋኋት አትነሣልኝም፤ ስትነሣም ነዳጅ ትጠጣለች» አለኝ። ነዳጅ ማደያ ተሰልፎ ያላገኘ ሹፌር ቤንዚን የሚገዛው ከመንገድ ዳር በሃይላንድ ነው። የሃይላንዱ ቤንዚን ከነጭ ጋዝ ጋር ይደባለቃል የሚለውን ሐሜት እሱም አይክድም። እውነት ከሆነ ጭሱን ያብሰዋል።

ደጋው ራሱ የሚጨምረው

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው የተቀመጠችው። ለሯጭ ሳንባ የሚመሰገነው ይህ ከፍታ ለሞተር ግን አይመችም። እዚህ አየሩ ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ነዳጅ በደንብ እንዲነድ የተመጠነ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ካርቡራተር ያለው የድሮ ሞተር ደግሞ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፣ የለመደውን ያህል ነዳጅ መልቀቁን ይቀጥላል። ትርፉ ሳይነድ ወይም በግማሽ ነዶ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው፣ ሽታም መልክም የሌለው መርዝ የሚበዛውም እንዲህ ባለው ያልተሟላ ቃጠሎ ነው። ባጃጅ ጋራዥ የሚሠራ መካኒክ ይህን ሁሉ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጨርሰዋል፤ «ቆላ ላይ የተስተካከለች ባጃጅ እዚህ ስትመጣ ሻማዋ ይጠቁራል።» አስተካክሎ ነዳጁን ቀነስ ማድረግ ይቻላል። ስንቱ ሹፌር ያስተካክላል ብለው ቢጠይቁት ይስቃል።

ባለ ሁለት ምት የሚባሉት የቆዩ ሞተሮች ደግሞ የባሰ ጠባይ አላቸው። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ አብሮ ይነዳል፤ ከፊሉም ሳይነድ ይወጣል። ሰማያዊው ጭስ እሱ ነው። አዳዲሶቹ ባለ አራት ምት ሞተሮች በጣም ይሻላሉ።

አሁን የጭስ ማውጫውን ቁመት ከሰባት ዓመት ልጅ አፍንጫ ጋር እናስተያየው። ጭሱ ሳይበተን የሚያገኘው ልጁን ነው። ልጅ ደግሞ ከሰውነቱ ክብደት አንጻር ከአዋቂ የበለጠ አየር ይስባል፤ ሳንባውም ገና እያደገ ነው። በጠባብ መንገድ፣ በበርና በአጥር መካከል፣ ነፋስ ባልተነሣበት ጠዋት፣ አሥር ሞተር ሳይጠፋ ቢቆም ጭሱ እዚያው ያንዣብባል።

> ካርቦኑ ሩቅ ይሄዳል፤ ጭሱ እዚሁ በር ላይ ይቀራል።

ሁለት ነገሮች እየተደባለቁ ልጆቹን የሚያደናግሩት እዚህ ላይ ነው። አንደኛው ዓለምን የሚያሞቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሁለተኛው ዓይን የሚያቃጥለውና ደረት የሚይዘው ጥላሸትና መርዝ ነው። በመጀመሪያው ነገር የጎጃም ልጅ ዕዳ የለበትም። ኢትዮጵያ ወደ ሰማይ ከምትለቀው ጋዝ አብዛኛው የሚመጣው ከእርሻ፣ ከከብትና ከደን መመናመን ነው፤ ከዓለም ድምር ደግሞ ከነአካቴው ኢምንት ነው። የደብረ ማርቆስ ባጃጆች በሙሉ ነገ ቢቆሙ የዓለም ሙቀት አይሰማውም። የትምህርት ቤቱ በር ግን በማግሥቱ ይሰማዋል። ስለዚህ ማስተማር ካለብን ከአፍንጫ መጀመር ይሻላል ባይ ነኝ። ስለ በረዶ ግግር መቅለጥ የሚነገረው ልጅ በረዶ የሚያውቀው ክረምት ላይ ቆርቆሮ ሲደበድብ ነው።

ይህ ማለት ካርቦኑን ከልጆች እንደብቅ ማለት አይደለም። እንዲያውም የሚያስገርማቸው እሱ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲነድ ከሁለት ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። የአራተኛ ክፍሎቹ ይህን ሲሰሙ መምህርቷ የተሳሳተች መሰላቸው። «ሃይላንዱ ሞልቶ እንኳ አንድ ኪሎ አይሞላም!» እውነታቸውን ነው፤ አንድ ሊትር ቤንዚን ሦስት አራተኛ ኪሎ ቢመዝን ነው። የቀረውን ክብደት የሚጨምረው ከአየር የሚገባው ኦክስጅን ነው። አንድ ልጅ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና «እና አየር ይመዝናል?» አለ። የሳይንስ ትምህርት የጀመረው ያኔ ነው።

ነጩ ጨርቅ

መምህርቷ ያደረገችው ሌላው ነገር ምንም ወጪ አልጠየቀም። ከአሮጌ ነጠላ ሁለት ቁራጭ ቀደደች። አንዱን የመንገዱ አጥር ላይ በልጅ ቁመት አሰረች፤ ሁለተኛውን ከግቢው ጀርባ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር። ዝናብ በሌለበት ሳምንት፣ ሰኞ ታስረው ዓርብ ተፈቱ።

የኋላው ጨርቅ ዳለቻ መሰለ። የመንገዱ ጠቁሯል፤ ያም ቢሆን ጥቁረቱ እንደ ከሰል የለየለት ሳይሆን ቡናማና ግራጫ የተቀላቀለበት ነው። ክርክር ተነሣ። «አቧራ ነው» አሉ ግማሾቹ፤ አቧራም ነበረበት። መምህርቷ ባልዲ አስመጣች። መጀመሪያ በውሃ ብቻ አሹት። ቡናማው ለቀቀ፣ ውሃው ደፈረሰ፣ ግራጫው ግን ጨርቁ ላይ ቀረ። በጣት ሲነኩት ያሟልጫል። ሳሙና እስኪመጣ አልነቃነቅም አለ። ልጆቹ በየተራ ጣታቸውን እየነከሩ አሸተቱት፤ አንዷ ፊቷን አጨማድዳ «የጋራዥ ይሸታል» አለች። የኋለኛው ጨርቅ በውሃ ብቻ ነጭ ለመሆን ተቃርቦ ነበር።

ትልቅ ምርምር አይደለም። ላቦራቶሪ ያለው ሰው ብዙ ነቀፋ ሊያቀርብበት ይችላል። ግን በቀጣዩ ሰኞ ከባጃጅ የወረዱ ሁለት ልጆች ሹፌሩን «ጋሼ፣ አጥፋው» ሲሉት ተሰምተዋል። ሹፌሩ አላጠፋም። በሣምንቱ ግን አንዳንድ ቀን ማጥፋት ጀምሯል፤ ባትሪ ቀይሮ ይሁን አፍሮ አይታወቅም።

ስንቅ ያዘሉት

ከከተማው ወጣ ሲሉ ጨዋታው ሁሉ ይቀየራል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ወደ አማኑኤል፣ ወደ ሉማሜ፣ ወደ ቢቸና በሚያስገቡት መንገዶች ላይ የሚታየው ሰልፍ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነው። በሰፈራቸው ሁለተኛ ደረጃ ስለሌለ ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተው ይማራሉ። ዓርብ ወደ ቤት፣ እሑድ ወደ ከተማ። ጀርባቸው ላይ ማዳበሪያ አለ፤ ውስጡ የሳምንት እንጀራ፣ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ሽሮ። አንዳንዱ ከላዩ የማገዶ እንጨት ይጭንበታል። እግራቸው ላይ ኮንጎ ወይም በረባሶ አለ፤ በረባሶው ከተጣለ የመኪና ጎማ የተሠራ ነው። ጎማው የመጀመሪያ ዕድሜውን መኪና ሥር ይጨርሳል፣ ሁለተኛውን መኪና ከማይደርስበት ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳል።

ለእነዚህ ልጆች መንገድ ማለት ዋልካ ነው። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ጭቃው አልጠናም፣ ወንዙም አልጎደለም። ከጮቄ የሚወርዱት ወንዞች ለሱዳንና ለግብፅ የሚወስዱት ውሃ መጀመሪያ የሚያግደው የአንደኛ ክፍል ተማሪን ነው። ትልልቆቹ ትንንሾቹን አዝለው ያሻግራሉ፤ ሲሞላ ሁሉም ይመለሳሉ። በ2003 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረውና ሕዝቡ «ዩራፕ» ሲል የሚያውቀው የገጠር መንገድ ፕሮግራም ብዙ ቀበሌ ጠጠር መንገድ አስገብቷል፤ አምቡላንስም ማዳበሪያም ደርሷል። መንገዱ ግን የራሱ ጠባሳ አለው። በዳገት ላይ ተበታትኖ ይወርድ የነበረውን ጎርፍ ቦዩ ሰብስቦ በአንድ ቱቦ ያስወጣዋል፤ ከቱቦው በታች ጥንቃቄ ካልተደረገ ማሳው ተቦርቡሮ ገደል ይሆናል። ያን ቦረቦር ዞረው የሚሄዱት እግረኞች ናቸው። መጓጓዣ በአካባቢ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ጭስ ብቻ አይደለም ለሚል መምህር ከዚህ የተሻለ ሥዕል የለም፤ ክፍሉን ይዞ ወጥቶ ማሳየት ነው።

ሴት ልጆች ላይ ደግሞ መንገዱ ሌላ ሥጋት ይጨምራል። ጠለፋና ለከፋ ፈርቶ ልጁን ከትምህርት ያስቀረ አባት ዛሬም አለ። ልጃገረዶቹ ተጠራርተው፣ ተጠባብቀው የሚሄዱት ለጨዋታ ብቻ አይደለም።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ የተነሣው ግጭት ደግሞ ነገሩን ሁሉ ከሥሩ አናግቶታል። ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከርሟል፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል፤ መንገድ ሲዘጋ ባጃጅም ይቆማል። እንዲህ ባለ ጊዜ ስለ ጭስ መጻፍ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ትምህርት የቀጠለበት በር ላይ ልጁ በየጠዋቱ መተንፈሱን አላቆመም።

> ጎጃም ያለ ስም ሲሠራበት የኖረውን ሌላው አገር በፕሮጀክት ያስተምራል።

የሌላው አገር መላ

በጃፓን የመጀመሪያ ደረጃ ልጆች በየሰፈራቸው ተሰብስበው፣ ትልቁ ከፊት ሆኖ፣ ተሰልፈው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ አውስትራሊያዊው ዴቪድ ኤንግዊክት «የእግር አውቶቡስ» የሚል ሐሳብ አመጣ፤ አዋቂ እየመራ፣ መስመርና ማቆሚያ ያለው፣ ጎማ ግን የሌለው። የጣሊያኗ ሌኮ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ይህንኑ በሰፊው ሠርታበታለች። ከጨሞጋ ማዶ የሚመጡት ልጆች ይህን ቢሰሙ ምን አዲስ ነገር አለው ይሉ ነበር። ከተሜው ነው የረሳው።

ሌላዋ የጣሊያን ከተማ ቦልዛኖ የሠራችው ደግሞ ልጆቹን ትታ መንገዱ ላይ ነው። ልጆች በሚገቡበትና በሚወጡበት ሰዓት የትምህርት ቤቱን መንገድ ለአጭር ጊዜ ለሞተር ትዘጋለች። እኛም ለነገሩ ባዕድ አይደለንም፤ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች እሑድ መንገድ ለሞተር ተዘግቶ ልጆች አስፋልት ላይ ኳስ ሲጫወቱ አይተናል። እሑድ የተቻለው ሰኞ ለግማሽ ሰዓት የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

መኪናው እስኪለወጥ እንጠብቅ የሚሉም አሉ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ የኤሌክትሪክ መኪና በአዲስ አበባ ጎዳና ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ከጎጃም ደጋ የሚወርደው ዓባይ የህዳሴውን ግድብ ተርባይን ሲያዞር ያ ኃይል አንድ ቀን ባጃጅም ሊያንቀሳቅስ ይችላል። ጭሱ ይጠፋል፤ ትልቅ ነገር ነው። ግፊያው ግን አይጠፋም። የኤሌክትሪክ ባጃጅም በጎማና በቦይ መሐል ያለችውን ጠርዝ ይወስዳል፤ ድምፅ ስለሌለው እንዲያውም ለትንሽ ልጅ ያሠጋል።

ልጆችን ማስተማር ደግሞ ልጆቹን ብቻ ማረም አይደለም። «መኪና ቀኙን ይዞ ይሄዳል፣ እናንተ ፊት ለፊት እንድታዩት ግራውን ያዙ» ብሎ ማስተማር ቀላል ነው። በግራ በኩል መርገጫ ከሌለ፣ የሱቅ ዕቃና አሸዋ ክምር ከያዘው፣ የተማረው ልጅ የት ይርገጥ?

ስብሰባው

የጨርቁ ነገር ወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት ዘንድ ደረሰ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ባጃጆች በሩ ላይ ከመቆም ይልቅ ከመቶ እርምጃ ወዲያ፣ ሰፋ ያለው ቦታ ላይ ልጆቹን ያውርዱ፤ ከዚያ ከፍ ያለ ክፍል ተማሪዎች ታናናሾቹን ሰብስበው ያስገቡ። ሞተር ይጥፋ።

አንድ አዛውንት «እኛ ከየት ተነሥተን ተምረን!» ብለው ጀመሩ፤ ሰው ንግግራቸውን ስለሚያውቀው በጭብጨባ አስቆማቸው። አንዲት እናት ልጇ እግሩን ስለሚያመው መቶውን እርምጃ እንደማይችል ተናገረች። እሱ እስከ በሩ ይግባ ተባለ፤ ማንም አልተቃወመም። አንድ አባት ዝናብ ሲዘንብስ ብሎ ጠየቀ። ሌላው በእግራቸው የሚመጡት ልጆች ሲዘንብ ምን ያደርጋሉ ሲል መለሰለት፤ ለጥቂት ጊዜ ጸጥታ ሆነ። የወረዳ ትራፊክ ባልደረባው ዜብራውን ስለ ማስቀባት ደብዳቤ እንዲጻፍለት አሳሰበ፤ ደብዳቤው ይጻፋል ተባለ። ቀለሙን ማን ይገዛል የሚለው ለሚቀጥለው ስብሰባ አደረ።

የባጃጅ ሹፌሮቹ ተወካይ እስከ መጨረሻው ዝም ብሎ ነበር። ዕድል ሲሰጠው ተነሥቶ ኮፍያውን አወለቀ። «እሺ፣ እዚያ ማዶ እናራግፋለን። ሞተርም እናጥፋ። ግን አንድ ነገር ከአሁኑ ይጻፍልን፤ መንገዱ በመቶ እርምጃ አጠረ ብላችሁ ኮንትራቱ ይቀነስ እንዳትሉ።» ጸሐፊው ቀና ብሎ ሰብሳቢውን አየ፤ ሰብሳቢው በራሱ ነቀነቀና ቃለ ጉባኤው ላይ ተጻፈ።